በአሥራ አንደኛውና በአሥራ ሁለተኛው መካከል

የገዳሙ ጸሐፊ ወረቀቱን ይዞ ሱቄ የመጣው በጠዋት ነው። የኔ ሱቅ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ። መብራት ካለ እሠራለሁ፣ ከሌለ በር ላይ ወንበር አውጥቼ መንገደኛ አያለሁ። የዚያን ቀን መብራት ነበር። ጸሐፊው ገና ወጣት መነኩሴ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን እሱ ልበለው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ገዳሙ በየዓመቱ የመሥራቹን አባት የዕረፍት ቀን ያስባል። በዚያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ ገዳሙን የመሩት አበ ምኔቶች ስም ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ይጠራል። ያረፉት ሲጠሩ ሕዝቡ "ነፍስ ይማር" ይላል፤ በሕይወት ያሉት ሲጠሩ "ዕድሜ ይስጥልን" ይላል። ዘንድሮ ያ ዝርዝር ከነታሪካቸው በትንሽ መጽሐፍ ሊታተም ነው። አሥራ ሁለት አበ ምኔቶች፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ፣ በንጹሕ ወረቀት። ለበረከት ብለሽ ተይቢልን አለኝ፣ እሺ አልኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ከፊተኛው ገጽ ይጀምራል። እኔ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄድኩ። አሥራ አንደኛው አበ ምኔት፤ ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛው አበ ምኔት። ምናልባት ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ይሆናል ብዬ በጥፍሬ ለየሁት። አልተጣበቀም። በመካከላቸው ማንም የለም፣ የአባቴ ስም የለም።

"የቀረ ወረቀት አለ እንዴ አባ?" አልኩት።

የለም፣ ሙሉ ነው አለኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፤ ወደኔ ሱቅ የመጣውም ለዚሁ ነው። ዓይኑን ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አዞረ።

አባቴ እዚያ ገዳም ከገባ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቴ ስትሞት እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ወንድሜ አሥራ አራት። መካኒሳ አቦ አካባቢ የቀበሌ ቤት ነበር የምንኖረው። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ቁልፍ ከወገቡ የማይለይ፣ ነገሩ ሁሉ በቦታው ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። የእናቴ የሰማንያ ቀን ተዝካር በወጣ ማግስት ምሳ ላይ ወንድሜን ከሱቅ የሆነ ነገር አምጣ ብሎ ላከውና ለኔ ብቻ ነገረኝ። ሊመነኩስ ነው፤ ከናቴ ጋር ከብዙ ዓመት በፊት የተነጋገሩበት ነገር ነው፣ ከሁለት አንዳቸው ቀድመው ከሄዱ የቀረው ይመነኩሳል ተባብለው ነበር አለኝ። ስለኛ የተባባሉት ነገር እንዳለ አልነገረኝም። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ አለኝ። በቃ፣ በዚያች ምሳ ትልቅ ሰው ሆንኩ።

መነነ ሲባል የምሰማው ቆላ ወርዶ፣ ዋሻ ገብቶ፣ ሰው ከማይደርስበት ሄዶ ነው። የኔ አባት ፉሪ ነው የመነነው። ከቤታችን በታክሲ፣ ከዚያ ጥቂት በእግር። ሩቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ሩቅ ሲሆን መንገዱን ታማርራላችሁ፤ ቅርብ ሆኖ የማይመጣ ሲሆን ግን ምኑን ታማርራላችሁ? ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴን አቋርጬ ታይፕ ተማርኩ፣ የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እሱን አስተማርኩ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አይ፣ እውነቱን ልናገር፣ እንድታዝኑልኝ ነው።

ጸሐፊው ከሄደ በኋላ መተየብ ጀመርኩ። መሥራቹ አባት ከሰሜን ታቦት ይዘው መጥተው ሦስት ክረምት ከዛፍ ሥር እንዳሳለፉ ይላል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ሦስተኛው ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር በምንጭ ውሃ ተጣልተው ኖሩ፤ በመጨረሻ ጠዋት የገዳሙ፣ ከሰዓት የገበሬው ብለው ታረቁ። አራተኛው አርባ ቀን ብቻ ነው የመሩት፤ በሽታ ገብቶ ከመነኮሳቱ እኩሌታ ጋር ወሰዳቸው። ስድስተኛው ዝምታ የሚወዱ ስለነበሩ ስለሳቸው ብዙ አይታወቅም ይላል፣ ግን አንድ አንቀጽ አላቸው። ስምንተኛው መሬት ሲወረስ መነኮሳቱ ተበትነው እሳቸው ከአንድ ዓይነ ስውር ዲያቆን ጋር ቀሩ፤ ጸሎት ሳይታጎል አሥር ዓመት በሁለት ሰው ቆየ። ዘጠነኛው ከማኅበሩ ተጣልተው ተባረሩ። የተባረሩት እንኳ አሉ፤ አርባ ቀን የመሩትም፣ ምንም ያልተናገሩትም አሉ። እየተየብኩ ቆሽቴ አረረ።

ከዚያ አሥራ አንደኛው። ለሃያ ዓመታት መሩ ይላል። የገዳሙን የይዞታ ካርታ ያስወጡ፣ አጥሩን በግንብ ያሠሩ፣ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈሩ፣ እስከ ዕለተ ዕረፍታቸው በትጋት የመሩ አባት ናቸው ይላል። እኒህን አባት አውቃቸዋለሁ፣ ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግን የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት አልጋ ላይ ነው ያሳለፉት። ግማሽ ጎናቸው ደርቆ፣ ምላሳቸው ተያይዞ፣ ከዓይናቸውና ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበራቸውም። ካርታውም፣ አጥሩም፣ ጉድጓዱም በነዚያ ሰባት ዓመታት ነው የመጡት። በምን ትጋት?

ያኔ አባቴ የገዳሙ መጋቢ ነበር። መጋቢ ማለት እህሉን፣ ዕቃውን፣ እንግዳውን የሚይዝ ነው፤ ከግምጃ ቤት ወደ ግምጃ ቤት በሉት። አበ ምኔቱ ሲታመሙ ማንም አልተሾመም። በገዳም ደግሞ ያለ አበ ምኔት ቃል ከግቢ መውጣት የለም፣ በሬ መሸጥ የለም፣ መነኩሴ መቀበል የለም። እና አባቴ ምን አደረገ? ጠዋት ጠዋት አበ ምኔቱ ዘንድ ይገባል። ያጥባቸዋል፣ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣቸዋል፣ ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ የዕለቱን ጉዳይ አንድ በአንድ ይነግራቸዋል። ከዚያ ይወጣና "አባታችን እንዲህ ብለዋል" ይላል። እገሌ እንጨት ይፍለጥ ብለዋል፣ እገሌና እገሌ ይታረቁ ብለዋል፣ አጥሩ በዚህ በኩል ይሠራ ብለዋል። መናገር እንደማይችሉ የማያውቅ አልነበረም። ማንም በምን አፋቸው ብሎ አልጠየቀም። መነኮሳቱ ለአባቴ ሊታዘዙ አይችሉም፣ እኩያቸው ነው፤ እንደውም ብዙዎቹ በምንኩስና ይቀድሙታል። ለአበ ምኔቱ ግን መታዘዝ ግዴታቸው ነው። በዚያች አባባል ገዳሙ ሳይበተን ሰባት ዓመት ቆየ።

ደብዳቤም ሲጽፍ እንዲሁ ነበር። ከታች የአበ ምኔቱ ስም፣ የአበ ምኔቱ ማኅተም፣ "ስለ እርሳቸው" የምትል ቃልና የሱ ፊርማ። የራሱን ስም አንድም ቦታ አልጻፈም። በበዓል ቀን ስንሄድ አበ ምኔቱን በወንበር ፀሐይ ላይ አውጥተዋቸው ሕዝቡ መስቀል ሊሳለም ይሰለፋል፤ አባቴ ከጎናቸው ቆሞ የደረቀ እጃቸውን ከነመስቀሉ ያነሳላቸዋል፣ ሰው ይሳለማል፣ ያወርድላቸዋል፣ ደግሞ ያነሳል። የኔ ተራ ሲደርስ መስቀሉ ግንባሬን ነካ። የማን እጅ እንደባረከኝ እስከዛሬ አላውቅም።

ከተማው ወደ ፉሪ ሲመጣ ነው ካርታው የግድ የሆነው። በግራ በቀኝ ቤት ተሠራ፣ አንዳንዱ ሌሊት አጥር እየገፋ ጠዋት የኔ ነው ይላል። አባቴ በየቢሮው ሁለት ዓመት ተመላለሰ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ላፍቶ አካባቢ በመንገድ ዳር ሲሄድ አየሁት፤ ፋይሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ የቀሚሱ ጫፍ በጭቃ ተበላሽቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ወራጅ አለ ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። ተቀይሜው ነበራ። ታክሲው አለፈው፣ እኔም ዞሬ አላየሁትም።

የተቀየምኩት በሰርጌ ነው። ሰርጌ በነዚያ ሰባት ዓመታት መካከል ላይ ነበር። መነኩሴ ድግስ ላይ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ፣ ያን አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት ሙሽራው ሊወስደኝ ሲመጣ ቤት ተገኝቶ ጉልበቱን ስሜ እንድወጣ። ከቤቷ የምትወጣ ሙሽራ የእናት የአባቷን ጉልበት ትስማለች፤ እናቴ የለችም፣ የሚሳም ጉልበት የቀረኝ የሱ ብቻ ነው። ለግማሽ ሰዓት ና፣ ከዚያ ወንድሜ መልሶ ያደርስሃል አልኩት። በእንግዳ መቀበያው በር ላይ ቆመን ነው። ቆዪ፣ ልጠይቅ አለኝና ወደ አበ ምኔቱ ገባ።

ብዙ ቆየ። ሲወጣ መሬት መሬት እያየ ነው የወጣው።

"አባታችን አልፈቀዱም" አለኝ።

ምን ልበላችሁ። መናገር የማይችሉ ሰው ናቸው አልፈቀዱም የሚለኝ። ለእንጨት ፈላጩ የሚላትን ያችኑ ቃል ነው ለኔ ያወጣልኝ። ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን ሌሎች መነኮሳት ያዩናል፤ እሺ አባ ብዬ ወጣሁ። የሰርጌ ቀን የአክስቴን ጉልበት ስሜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እሄድ ነበር፤ በዓል ሲሆን፣ ልጅ ስወልድ፣ ሲታመም። ግን አባዬ ብዬ አልጠራሁትም። ሰው ፊት አባ ነው፣ ሰው በሌለበት ዝም ነው።

እና አሁን ይሄ ሰው በዝርዝሩ የለም። ለጸሐፊው ደወልኩለት። ሰባቱን ዓመት ማን እንደመራ የቆዩት መነኮሳት ሁሉ ያውቃሉ፣ ለምን ተዘለለ አልኩት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱም ተጨንቋል። ማኅደሩን ሁሉ አገላብጫለሁ አለኝ፣ አባትሽ የሹመት ደብዳቤ የላቸውም፣ የሰባት ዓመቱ ወረቀት ሁሉ የአበ ምኔቱ ስም ነው ያለበት፣ እኔ ከወረቀት ውጭ ምን ይዤ እጽፋለሁ? የዛሬው አበ ምኔት ከሌላ ደብር ተሹመው የመጡ ስለሆኑ ያን ዘመን አያውቁም። ጠይቅልኝ አልኩት። በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ። አባቴ "በዚያ ዘመን ገዳሙን ያስተዳደርኩ እኔ ነኝ" ብሎ ጽፎ፣ ወይም አጽፎ ከፈረመ፣ ማኅበሩ ተቀብሎ በዝርዝሩ ያስገባዋል። ስሙም በበዓሉ ቀን ይጠራል። መቃብሩም የጊዜው ጊዜ ሲደርስ ከምሥራቅ በኩል ከአበ ምኔቶቹ ተርታ ይሆናል፤ ሌላው መነኩሴ የሚቀበረው ከታች ከአጥሩ ሥር ነው። እስከ ዓርብ ድረስ ወረቀቱ ይድረሰን፣ ማተሚያ ቤት ልንገባ ነው አለኝ።

ለምን እንዲህ ሞገትኩ? ለሱ ብዬ ብቻ አይደለም። አባቴን የወሰደብኝ ያ ቦታ ነው። ከወሰደውም ቢያንስ እኛ ጋ ነበር ይበል። እኛም ጋ ከሌለ፣ እነሱም ጋ ከሌለ፣ ታዲያ ሰውዬው ሃያ ስምንት ዓመት የት ነበር?

ረቡዕ ሄድኩ። ክረምት ነው፣ ከዋናው መንገድ ወዲያ ያለው ጭቃ ባጃጅ አያስገባም። አባቴ ልቡ ደክሞ እግሩ አብጦ ስለነበር ከውስጥ አውጥተው ከበሩ አጠገብ ባለች ክፍል አስተኝተውታል፤ ሴት ልጁ ገብታ እንድታስታምመው አበ ምኔቱ ፈቅደዋል። ጆሮውም ደክሟል፤ ተጠግቼ ጮክ ብዬ ነው የማወራው። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ፈገግ አለ። ምን ያደርግልኛል አለኝ።

ለኔ ያደርግልኛል አልኩት።

ገዳም ሁለት ራስ የለውም አለ። አባታችን በሕይወት ነበሩ፤ በሕይወት እያሉ እኔ ነበርኩ ማለት እሳቸውን መቅበር ነው፤ እኔ የደረሰኝን ያደረግኩ አገልጋይ ነኝ። ይህን ሲል ድምፁ ያው የድሮው ነው፤ ቁልፉን ከወገቡ እየፈታ ደብተር ላይ የሌለ ዕቃ አልሰጥም የሚለው ሰውዬ። ደሜ ፈላ። ሃያ ዓመት የዋጥኩት ነገር ወጣ።

"እሺ አባዬ፣ የመሩት እሳቸው ከሆኑ የሰርጌን ቀን የከለከሉኝም እሳቸው ናቸው" አልኩት። "ምላስ የሌላቸው ሰው፣ ልጅህ ጉልበትህን አትስምም ብለው ነገሩህ። እንደሱ ነው?"

የሰማ መስሎኝ አልነበረም፣ ልደግመው ስል እጁን አነሳ። ሰምቷል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

"ወረቀት አለሽ?" አለኝ። "እጄ አይጽፍም፣ አንቺ ጻፊ።"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ቀስ እያለ ያስጽፈኝ ጀመር። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ገዳሙን ያስተዳደርኩ እኔ ነኝ። አባታችን ብለዋል እያልኩ ያዘዝኩት ሁሉ ከኔ የወጣ ነው። ጻፍኩ። ልቤ ደስ አለው፣ አልደብቅም፤ ይኸው አልኩ በልቤ። አልጨረሰም ነበር። ልጄ ለሰርጓ ልትጠራኝ በመጣች ጊዜ አባታችን አልፈቀዱም ያልኳት እኔ ነኝ፤ አልጠየቅኳቸውም አለ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ይሄኛው አያስፈልግም፣ እነሱ የሚፈልጉት የፊተኛውን ነው አልኩት።

"ያስፈልጋል። ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው። ይሄ ካልተጻፈ ያኛውንም አልፈርምም።"

"ለምን አባዬ? ምን አድርጌህ ነበር?" ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ሆኖ ነው የወጣው።

ወደ ጣራው እያየ ነገረኝ። ሌላውን ጉዳይ ሁሉ ሲነግራቸው የአበ ምኔቱን ዓይን ያይ ነበር። በዓይናቸው እሺና እንቢ ይለያል፤ ሁልጊዜ ባይሆን እንኳ ብዙውን ጊዜ ይለያል። ስለዚህ አባታችን ብለዋል ሲል ውሸት አይመስለውም ነበር። የዚያን ቀን ግን ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። አንድም ቃል አልነገራቸውም፣ ዓይናቸውንም አላየም።

"ሂድ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ" አለኝ። "ከሄድኩ ደግሞ አልመለስም ነበር። ቤቱን፣ ወንድምሽን፣ አንቺን ካየሁ በኋላ ወደዚህ የሚመልስ እግር አልነበረኝም።"

አለቀስኩ። ከንዴት ነው ከሌላ ነገር፣ አላውቅም። ሁለተኛውንም ጻፍኩና አንገቱን ደግፌ አስፈረምኩት። በሕይወቴ ያየሁት የሱ ፊርማ ሁሉ "ስለ እርሳቸው" የሚል ነበር፤ ይሄኛው ብቻ የራሱ ስም ነው፣ የተጣመመ፣ መስመር የለቀቀ።

ከፉሪ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሦስቴ አነበብኩት። ሐሙስ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ እንደገና አነበብኩት። ማስረከብ ነው፣ ሌላ ምን አለው? ግን ማን ማን እንደሚያነበው ማሰብ ጀመርኩ። አበ ምኔቱ ያነቡታል፣ ማኅበሩ ያነበዋል፣ ጸሐፊው ደግሞ ብዕሩን ያወጣና ይቺ የሰርግ ነገር ለመጽሐፍ አትሆንም፣ እናውጣት ይላል። ሰባት ዓመት አልጋ ላይ መተኛትን "በትጋት መሩ" ብለው የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። የኔን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው የነሱን ይዘው ይሄዳሉ። አባቴን ወሰዱ፤ አንድ ጊዜ ለኔ የተናገረውን ደግሞ ይውሰዱ? ይሄ የደግ ሰው ሐሳብ ነው ወይ ብትሉኝ አይደለም፣ የቂም ሐሳብ ነው። አውቀው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጸሐፊው መጣ። ቆሞ ነው የጠየቀኝ፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀው ነበር።

"ፈረሙልሽ?"

"እንቢ አለኝ" አልኩት።

ወረቀቱ ከፊቱ ካለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ልጁ አንገቱን ነቀነቀ፤ ያዘነ ይመስላል፣ ትንሽም የቀለለው ይመስላል። የተየብኩትን በፍላሽ ሰጠሁት፣ አመስግኖኝ ሄደ። ከኋላው ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጃለሁ፣ ይሄን አልክድም። መንገዱን ተሻግሮ ታክሲ ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ ልጠራው እችል ነበር።

የመታሰቢያው ቀን ከአባቴ ጋር ነበርኩ። በሩ ሥር ያለችው ክፍል ለግቢው ቅርብ ናት፤ ግን ድምፅ ማጉያው የተሰቀለው ሕዝቡ ወዳለበት ሜዳ ዞሮ ስለሆነ ወደኛ የሚመጣው የተበጣጠሰ ነው። ለአባቴ ጆሮ ደግሞ እሱም አይደርሰውም። ከጠዋት ጀምሮ ነቅቶ ይጠብቃል። ነጭ ጋቢውን አልብሺኝ አለኝ፣ አለበስኩት። ቀና አድርጊኝ አለኝ፣ ሁለት ትራስ ደገፍኩለት። በሕይወቱ ለራሱ ምንም ያልጠየቀ ሰው ስሙ እስኪጠራ እንደዚያ ሲጠብቅ ማየት አይቻልም። ብዙ ጊዜ ልነግረው አሰብኩ፤ አሁን ልንገረው፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ልንገረው እያልኩ ሰዓቱ ሄደ።

መጥራት ጀመሩ። መሥራቹ አባት፣ ነፍስ ይማር። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የሕዝቡ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። በጣቴ እየቆጠርኩ ነው። አሥረኛው። አሥራ አንደኛው፣ ነፍስ ይማር። ከዚያ አንባቢው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ አሥራ ሁለተኛውን ጠራ፤ ሕዝቡም ዕድሜ ይስጥልን አለ።

አባቴ ከንፈሬን እያየ ነበር።

"ጠሩኝ?" አለኝ።

"ጠሩህ።"

"ምን አሉኝ?"

ጆሮው ሥር ተጠግቼ "ዕድሜ ይስጥልን አሉህ" አልኩት።

አሜን አለና ዓይኑን ጨፈነ። ደስ ብሎት ነበር። ስለዚያ እርግጠኛ ነኝ፣ ፊቱን አውቀዋለሁ። እኔ ውሃ ላምጣ ብዬ ወጥቼ ከግንቡ አጥር ጥግ ቆሜ ቆየሁ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አልቆየም። ወንድሜም እኔም ነበርን፤ በእጃችን ላይ ነው ያረፈው። ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ሲወጣ ተሸካሚዎቹ ወደ ምሥራቅ አልታጠፉም፣ ቁልቁል ወደ አጥሩ ሥር ወረዱ። ጉድጓዱ እዚያ ነበር የተቆፈረው። ወንድሜ ለምን እዚህ ሆነ ብሎ ጆሮዬ ላይ ጠየቀኝ፤ ሕጉ ነው አልኩት። ጸሐፊው መጥቶ ከጎኔ ቆመ። መጽናኛ ሊነግረኝ ፈልጎ ነው።

"እዚያ ነበር የሚያርፉት" አለኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ያለውን የአበ ምኔቶቹን መቃብር እያሳየኝ። "አልፈርምም ባይሉ ኖሮ። ትሕትናቸው ነው።"

አዎ አልኩት። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ በሁለት ተጣጥፎ። አፈሩ ገና አልተመለሰም ነበር፤ አካፋ የያዙት መነኮሳት የአበ ምኔቱን ቃል እየጠበቁ ነው የቆሙት። እጄን ከቦርሳው ውስጥ አስገብቼ ወረቀቱን ያዝኩት። አበ ምኔቱ መልሱ አሉ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆምኩ።